ጎንደር ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ክፍያ መጉላላት ነው

የሊዝ ውል የፈረመ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ውሉን በደንብ ያንብበው። ግንባታ የሚጀመርበት ቀን አለ። የሚያልቅበት ቀን አለ። የዓመቱ ክፍያ የሚገባበት ቀን አለ። በተባለው ጊዜ ካልጀመረ ውሉ ሊቋረጥና ቦታው ሊወሰድበት ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይህን በግልጽ ነው ያስቀመጠው።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን፣ የከተማውን ቢሮ ግዴታ ፈልጉ። የፕላን ስምምነቱ፣ ማለትም ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጸው ወረቀት፣ በስንት ቀን ይሰጠዋል? ወሰን የሚያሳየው ባለሙያ መቼ ይወጣለታል? ቢዘገይበትስ ማን ይጠየቃል? እርግጥ ቢሮዎቻችን ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ነገር ተለጥፏል፤ ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ቀን ይሰጣል ይላል። ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም። ባለጉዳዩ ላይ ሰዓት ይቆጠራል፣ ቢሮው ላይ አይቆጠርም። እኔ ስለ ግንባታ ክፍያና ስለ ይግባኝ የማወራው ከዚህ ተነስቼ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ስለ ሊዝ ዋጋ መወደድ ሲያማርር እሰማለሁ፣ ከሊዙ በኋላ ስለሚመጣው ግን ተደራጅቶ የሚናገር አላየሁም።

መጀመሪያ ቤት የሚገነባው ማን እንደሆነ እንነጋገር። ጎንደር ላይ ክሬን አቁሞ አፓርታማ የሚደረድር ኩባንያ ብዙ የለም። ቤት የሚገነባው መምህሩ ነው፣ ነርሷ ናት፣ አራዳ ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፣ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ገንዘብ የሚልክለት ነው፣ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ዓመታት የቆጠበ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁሉም በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው ቤት የሚሠራው። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራም አሠራሩን ሲያውቀው ጉዳዩ ያልቃል፤ ያወቀውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ቀጣዩ ሰው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ደላላውና ጉዳይ ገዳዩ እንጀራ የሚበሉት በዚህ ነው።

ወደ ክፍያው እንምጣ። በጨረታ ቦታ ያገኘ ሰው ከአጠቃላይ የሊዝ ዋጋው ቢያንስ 10 በመቶውን ቅድሚያ ይከፍላል። ቀሪውን በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፍላል። የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ እሱ ጥሩ ነው። ከዚያ የካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድና የክትትል እያሉ የሚመጡ የአገልግሎት ክፍያዎች አሉ። እነዚህ ደረሰኝ አላቸው፤ ብዙም አያስጨንቁም። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ውሃ ከዋናው መስመር ሰፈሩ ድረስ አልደረሰም፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ቧንቧ ይግዛ። መብራት ምሰሶ የለም፤ አዋጡ። ትራንስፎርመሩ አይችልም፤ አዋጡ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ኮብልስቶን እንዲነጠፍ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ድርሻችሁን አስገቡ። ጎርፍ መውረጃ ቦይ? እሱ ደግሞ ክረምት ገብቶ የሰው አጥር ከወሰደ በኋላ ይታሰባል።

ተሳትፎውን አልቃወምም። ብዙ የጎንደር ሰፈሮች ከጭቃ የወጡት ነዋሪው ከኪሱ አውጥቶ፣ ከከተማው ጋር ተካፍሎ ነው፤ ሥራውም ዓይን ላይ ይታያል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያው የሊዝ አዋጅ አንድ ቦታ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ከማንም ወገን ይገባኛል ጥያቄ ነፃ የሆነ፣ የከተማውን ፕላን ጠብቆ የተዘጋጀ፣ መሠረታዊ መሠረተ ልማት የሚያገኝ፣ ተሸንሽኖ ወሰኑ የተከለለና ልዩ መለያ ቁጥር የተሰጠው እንዲሆን ይጠይቃል። ማለትም ሰውየው በጨረታው ላይ በካሬ ሜትር ያን ሁሉ ብር ሲጽፍ፣ መንገድና ውሃ ያለው ቦታ እየገዛ መስሎት ነው። ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያ ቦታው ላይ ሲደርስ ባለ ወሰን ድንጋይ ጭቃ ያገኛል፣ ያንኑ መሠረተ ልማት ሁለተኛ ጊዜ በመዋጮ ይከፍላል። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል፤ እዚህ ግን ሁለተኛው ክፍያ ላይ "ተሳትፎ" የሚል ስም ስለተለጠፈበት መመለሻ የለውም።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ትልቅ የክርክር ሜዳ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የቤት ገንቢዎች ማኅበራት ዋና ሥራቸው ሁለት ነገር ላይ መሟገት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው አዲስ ቤት በመንገድ፣ በውሃና በፓርክ ላይ ለሚያመጣው ጫና ከተሞች የሚጠይቁት ክፍያ ነው። ሁለተኛው የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ላይ ማን፣ የት፣ በስንት ቀን ይግባኝ ይላል የሚለው ነው። ሁለቱንም እዚህ ማምጣቴ "እነሱ እንዲህ ናቸው እኛ ግን" ለማለት አይደለም። የኛን ጉዳይ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር ስላለባቸው ነው።

አንድ ክስ ልንገራችሁ። ጆርጅ ሺትዝ የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ዶራዶ በሚባል አውራጃ የራሱ መሬት ላይ ተገጣጣሚ ቤት ሊተክል ፈለገ። አውራጃው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ለመንገድ መጨናነቅ ማካካሻ 23,420 ዶላር ክፈል አለው። ከፈለ፤ ግን እየተቃወመ ከፈለ፣ ከዚያም ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ የኔ አንድ ቤት መንገዱ ላይ ስንት መኪና ይጨምራል? ያንን ሳትለኩ እንዴት ይህን ያህል አላችሁኝ? አውራጃው ደግሞ ክፍያው በምክር ቤት የጸደቀ ተመን ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ አንለካም አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሁሉም ዳኞች በአንድ ድምፅ በምክር ቤት የጸደቀ መሆኑ ብቻውን ክፍያውን ከሕገ መንግሥታዊ ምርመራ አያድነውም ብለው ወሰኑ። ክፍያው በዝቷል ወይስ አልበዛም የሚለውን ግን አልነኩም፤ ወደ ታች ፍርድ ቤት መለሱት። ገንቢዎቹ ደስ ቢላቸውም ያገኙት የመጠየቅ መብት ነው፣ ገንዘቡን አይደለም።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1994 ኦሪገን በሚባል የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ታይጋርድ በምትባል ከተማ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያላቸው ወይዘሮ ሱቃቸውን ሊያሰፉ ሲሉ፣ ከተማው ከመሬታቸው ላይ ለጎርፍ መውረጃና ለብስክሌት መንገድ የሚሆን ቆርሰው እንዲሰጡ ጠይቋቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ያኔ ያለው ሐሳብ እስካሁን መለኪያ ሆኖ ቀርቷል፤ የምትጠይቁት ነገር ግንባታው ከሚያመጣው ጫና ጋር በግምትም ቢሆን የሚመጣጠን መሆኑን ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ አላቸው። የማስረዳት ሸክሙ ከተማው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

እዚያው ኦሪገን ከተሞች በአዲስ ግንባታ ላይ የሚጥሉት የመሠረተ ልማት ክፍያ ለአምስት ነገር ብቻ ነው የሚፈቀደው። የመጠጥ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ፣ መንገድና ትራንስፖርት፣ ፓርክ። ከዚህ ውጭ ለሌላ ነገር በዚህ ስም መሰብሰብ አይቻልም። ገንዘቡም ለተሰበሰበበት ዓላማ መዋል አለበት።

ይህንን ወደ አዘዞ ወይም ወደ ማራኪ አምጡት። አዲስ ሰፈር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠቅላላ ሒሳቡ በአንድ ወረቀት ቢሰጠው ምን ይላል? ከሊዙ ውስጥ ይህን ያህሉ ለመንገድ፣ ይህን ያህሉ ለውሃ። የውሃ መስመሩ በዚህ ዓመት ሰፈራችሁ ይደርሳል። ካልደረሰ የከፈላችሁት ከቀጣዩ ዓመት ሊዝ ላይ ይቀነሳል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዶላርም ብድርም አይጠይቅም። ከተማው ራሱ ግን ምን ሰብስቦ ምን እንዳላቀረበ በጽሑፍ እንዲያምን ያስገድደዋል፤ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ውሃውን ልድገመው፣ የጎንደር ጉዳይ ነውና። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው እየሰፋ ሄዷል። የመገጭ ግድብ ለዓመታት ሲጓተት የኖረ ፕሮጀክት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 207,044 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያይ ዓይን ያየዋል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ገና መሠረቱን ሳይቆፍር የሚያስበው ስለ ሮቶ ነው። አርማታ የሚቦካበትን ውሃ በቦቴ ይገዛል። ቤቱ ካለቀ በኋላም ቧንቧው ቢገባ እንኳ ሮቶው አይወርድም። ይህ ሁሉ ወጪ የትኛውም የክፍያ ተመን ላይ የለም፤ ግን የሚከፍለው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ይግባኙ።

በአገራችን ሕግ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም ማለት ስህተት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ውሳኔ ቅር ያሰኘው ሰው የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ሰው አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት እያለ ደረጃ በደረጃ አስቀምጦለታል፤ ለየደረጃውም የ30 ቀን ገደብ አለ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ።

ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው? አንድ ሰው የፕላን ስምምነት ጠየቀ እንበል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ይሄ አይሆንም፣ መንገድ ይነካዋል" አለችው። በየትኛው ፕላን? "አለቃ ጋር ነው።" አለቃው? "ስብሰባ ላይ ናቸው።" ነገ ሲመጣ ደግሞ ፋይሉ የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰውየው ገና አልተከለከለም። ማንም እምቢ ብሎ አልፈረመበትም። በቃል የተነገረ ነገር ላይ ይግባኝ አይባልም። ቦርዱ ቢኖር፣ ቢሟላ፣ ቅን ሰዎች ቢቀመጡበት እንኳ፣ ምን ይዞ ይሄዳል? የውሳኔ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ምክንያት የለው። እኔም በአንድ ጉዳይ እንዲሁ ስመላለስ ከርሜ፣ በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ ማመልከቻ ሳስገባ ነገሩ በድንገት "ይቻላል" ሆኖ አርፏል። የቢሮውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አሠራሩ የአንድ ቢሮ አይደለም።

እንዲህ ያለው እምቢታ በራሱ ገበያ ይፈጥራል። ፋይሉ የጠፋበት ሰው የሚያገኝለት ሰው ይፈልጋል። "ለሻይ" የምትባለዋ ነገር እዚህ ጋ ትገባለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው ድሮ ነው፤ አሁን ሹመትም አያስፈልግም፣ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ያለው ሁሉ ይበቃል።

ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1979 የመሬት አጠቃቀም ይግባኝ ብቻ የሚሰማ የክፍለ ግዛት ቦርድ አቋቋመች። ከዚያ በፊት እነዚህ ጉዳዮች በመደበኛ ፍርድ ቤት ነበር የሚንገላቱት። ቦርዱ የከተማው አካል አይደለም። የከተማው ውሳኔ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ ይግባኝ ባዩ 21 ቀን አለው። መዝገቡ ከቀረበ በኋላ ደግሞ ቦርዱ በ77 ቀን ውስጥ ይወስናል። ሰዓቱ ለሁለቱም ወገን ይቆጥራል። ደግሞም ከተማው ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ካላስቀመጠ ቦርዱ ዘንድ የሚከላከልበት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይጽፋል።

ጎንደር ላይ የተለየ ቦርድ ወይም የተለየ ፍርድ ቤት ይቋቋምልን ብዬ አልጮህም። ያለው ቦርድ ይታወቅ፣ የሚሰየምበት ቀን ይለጠፍ፣ የወሰናቸው ውሳኔዎች ስማችን ተቀንሶም ቢሆን ይነበቡ። እስኪ በጎንደር ቤት ከሠራችሁት ውስጥ የሕንፃ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የት እንደሚቀመጥ የምታውቁ ስንት ናችሁ?

መጉላላቱ ለምን ትልቁ ክፍያ ሆነ? ሒሳቡን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በወር 8 ሺህ ብር ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ፈቃዱ 6 ወር ቢዘገይበት 48 ሺህ ብር ለአከራይ ከፍሏል። ይሄ ግን ትንሹ ነው። የያዘው ገንዘብ በነዚያ 6 ወራት ይሟሟል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ የመብራት ገመድ፣ ሴራሚክ፣ ከውጭ የሚገባ የተባለ ሁሉ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት ፈቃዱን አግኝቶ ፌሮውን የገዛና ከዚያ በኋላ የገዛ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቤት አልሠሩም። አንደኛው ጣሪያ ደረሰ፤ ሌላው ግድግዳ ላይ ቆመ። በሕግም፣ በፕላንም፣ በተመንም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ፋይላቸው ጠረጴዛ ላይ የተኛበት ጊዜ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ሲሚንቶ በሚጠፋበት ባለፉት ዓመታት ሁኔታ ደግሞ ይህ ልዩነት በሳምንታትም ይመጣል።

እና የሊዝ ውሉ የግንባታ መጀመሪያ ቀን በዚህ ሁሉ ጊዜ ይቆጥራል። ፈቃዱን የከለከለህ አካልና በጊዜው አልጀመርክም ብሎ የሚያስጠነቅቅህ አካል አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያሉት። ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ ይሰጣልም። ግን ለምን ይጠየቃል? ከቢሮው ወገን የመጣ መዘግየት ከውሉ ቀን ላይ በራሱ ቢቀነስ ማንን ይጎዳል?

እዚህ ድረስ ገንቢውን ደግፌ ነው የጻፍኩት። አሁን ትንሽ ልቆንጥጠው።

የውጭዎቹ የገንቢ ማኅበራት የሚጠይቁት ሁሉ ቅዱስ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2024 ሕጓን አሻሽላ ጎረቤት የሆነ ሰው በከተማ ፕላንና በዞን ለውጥ ላይ ወደ ይግባኝ ችሎት የሚሄድበትን በር አጠበበች። ገንቢዎች ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት ነገር ነበር፤ ጎረቤቱ በይግባኝ ፕሮጀክታችንን ያጓትታል፣ የቤት እጥረቱም ይብሳል ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። ግን ለራስህ ይግባኝ ሰፊ በር፣ ለጎረቤትህ ጠባብ በር መጠየቅ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? የኦሪገኑ ቦርድ ላይ ጎረቤትም፣ ገንቢም፣ በጉዳዩ ላይ ሐሳቡን የሰጠ ሌላ ሰውም ይቀርባል። እኔ የሚመቸኝ ይሄኛው ነው፤ አጭር ይሁን እንጂ ለሁሉም ይሁን።

ጎንደር ላይ ይህ የበለጠ ይገባናል። ከተማዋን አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆረቆሯት። ጣሊያን በያዛት ጊዜ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን ነድፎላት ፒያሳን ዛሬ በምናውቃት መልኳ አስቀመጧት። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በግቢው ዙሪያ አንድ ሰው ፎቅ ሊያቆም ሲነሳ ጉዳዩ የሱና የሕንፃ ሹሙ ብቻ ሊሆን አይችልም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ፊት ለፊት ምን እንደሚቆም የሰፈሩ ሰው ሊናገር ይገባዋል። አስጎብኚውም፣ ቄሱም፣ ሱቅ ያለውም። "ቅርስ ነው አይሠራም" የሚል መልስም ግን እንደሌላው ሁሉ በጽሑፍ፣ ከነካርታው ይሰጥ። የቅርስ ክልሉ መስመር የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያወቀ ሰው እዚያ ቦታ ገንዘቡን አይቀብርም ነበር።

ከቅርሱም በላይ የሚከብደኝ ገበሬው ነው። አዲሱ ሰፈር ባዶ ሜዳ ላይ አልወረደም። በአዘዞና በጠዳ ዙሪያ ለማኅበራት የሚሸነሸነው ቦታ ትናንት ጤፍ ወይም ሽምብራ ነበረበት። ገበሬው ካሳ ይከፈለዋል፤ ካሳው ያንሰኛል የሚል ከሆነም በአዋጅ 1161 ያለው መንገድ ይግባኝ ነው። ግን ያ ገበሬ ከመምህሩ የባሰ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በዚህ መንገድ የሚያልፈው፤ ጠበቃም የለው፣ 30 ቀኑም ሳያውቀው ያልፍበታል። የገንቢዎች ድምፅ ሲጠነክር መጀመሪያ የሚገፋው እሱን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ፈቃድ ይፍጠንልን ስንል፣ ማስለቀቁም አብሮ ይፍጠን የሚል ሹም በቀላሉ ይገኛል።

የክፍያ ቅነሳ ጥያቄውም እንዲሁ ነው። የኦሪገኗ ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. በ2025 ቤት እንዲሠራ ለማበረታታት ብላ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶችን ከመሠረተ ልማት ክፍያው ለሦስት ዓመት ነፃ አደረገች። ገንቢው ደስ ይለዋል። የፓርክና የመንገድ ሠራተኛው ግን በጀቱ ከየት ይምጣ? ክፍያው ሲነሳ ወጪው አይጠፋም፣ ወደ ሌላ ኪስ ይዛወራል። ጎንደር ላይ የሊዝ ገቢ ቢቀንስ መንገዱን የሚሠራ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ስለዚህ ክፍያ ይቅርልን አልልም። ከፍሎ አለማግኘት ይቅር ነው የምለው።

የንብረት ታክሱም እዚህ ጋ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ብዙ ሰው እንደ አዲስ ሸክም ነው የሚያየው፤ ሸክምም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። መንገድና ውሃ ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው አዲስ ቤት በሚሠራው ሰው ገንዘብ ነው፤ ሊዝ የሚከፍለው እሱ፣ የሚያዋጣውም እሱ። ፒያሳ ላይ ነባር ይዞታ ያለው፣ ሱቆቹን በደህና ዋጋ የሚያከራይ ሰው ለዓመታት የከፈለው ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዓመታዊ ታክሱ በአግባቡ ከተሠራበት ሸክሙ ወደ ነባሩም ይከፋፈላል፣ አዲሱም ከመግቢያው ላይ ትንሽ ይቃለልለታል። አሁን ማንም ያላነሳው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ታክሱ ሲመጣ ተሳትፎው ይቀራል ወይ? ሁለቱም አብረው ከቀጠሉ ሦስተኛ ጊዜ መክፈል ይጀመራል ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቅ? ማኅበራቱ ነበሩ። የቤት ሥራ ማኅበር አባላት ቦታ እስኪያገኙ ድረስ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ሊቀመንበራቸውን ያስጨንቃሉ፣ መዋጮ አይቀሩም። ካርታው በእጅ ሲገባ ማኅበሩ ይበተናል። የቀረው የሰፈር ዕድር ነው። ዕድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ ለሐዘን ይደርሳል፤ የክፍያ ተመን ላይ ግን አይከራከርም። ለምን አይከራከርም? ለትራንስፎርመር ገንዘብ የሚሰበስበው ኮሚቴ የሚመረጠው ከዚያው ዕድር አይደለም እንዴ? ያው ኮሚቴ የእያንዳንዱን ቤት ደረሰኝ ሰብስቦ፣ ሰፈራችን ለመንገድና ለውሃ ይህን ያህል ከፍሏል፣ ያገኘነው ይህ ነው ብሎ ለከተማው ምክር ቤት በደብዳቤ ቢያቀርብ፣ የውጭዎቹ ማኅበራት በብዙ ብር ጥናት የሚያሠሩትን ነገር በአንድ ደብተር ሠራው ማለት ነው።

ቀኖቹንም ይጻፍ። ማመልከቻ የገባበት፣ ወሰን የታየበት፣ ፈቃድ የወጣበት። የሃያ ቤት ቀን ተሰብስቦ ሲታይ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆም ማንም ያነበዋል፣ ማንንም ሌባ ብሎ መስደብ አያስፈልግም። ቀና የሆነ ኃላፊም ይጠቀምበታል፤ አሉም፣ በሰው እጥረትና በመኪና እጥረት አብረውን የሚጉላሉ ባለሙያዎች አሉ። አንድ ቀያሽ ለስንት ክፍለ ከተማ እንደሚደርስ ያየ ሰው ስድቡን ይቀንሳል።

ለብቻው ለሚሮጠው ደግሞ፣ ማመልከቻ ስታስገቡ በመዝገብ ቤት በኩል ይሁን፤ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ፣ ቁጥሩን ያዙ። አይቻልም ከተባላችሁ አንቀጹና ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ በሌላ ማመልከቻ ጠይቁ። መልስ ባይመጣ እንኳ ሁለተኛው ማመልከቻ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ወደ ቦርዱም፣ ወደ ፍርድ ቤትም፣ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወዳለው የዕንባ ጠባቂ ተቋምም የሚኬደው እሱን ይዞ ነው። ዕንባ ጠባቂው የአስተዳደር በደልን መርምሮ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ በግድ አያስፈጽምም፤ ቢሆንም ባዶ እጁን የመጣን ሰው አቤቱታ ከመስማት ይልቅ ቀንና ማኅተም ያለውን መመርመር ይቀለዋል።